«ለምን» ያላልሽኝ ቀን

ውድ «ለምን»፣

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልሽ አላውቅም። ባል አግብተሽ ከሆነ ባልሽ፣ ወይም ከተማሪዎችሽ አንዷ፣ ወይም አንዲት ጎረቤት፤ ብቻ አንድ ሰው ከጎንሽ ተቀምጦ የእኔን ቃል በራሱ ድምፅ እያሰማሽ ነው። ለዚያ ሰው አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቀስ ብሎ እንዲያነብ ንገሪው፤ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው እንደማትወጂ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ቦታ ላይ ስለ እኔ ያፍር ይሆናል። ይፈር፤ ግን አይዝለል።

የስልክ ቁጥርሽም አለኝ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ገና ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። አንቺ የሰው ድምፅ ስትሰሚ ሰውየው ያልተናገረውን ሁሉ ትሰሚያለሽ፤ እሱን ነው የፈራሁት። በጽሑፍ ሲሆን ቢያንስ ተራዬን ጠብቄ፣ ነገሬን አሰናድቼ እናገራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳሰናዳው ኖሬ አሁንም ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ የዶርማችንን በር ስከፍት መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ ተቀምጠሽ ካልሲ ታጥፊ ነበር። ቀና እንኳን ሳትዪ፣

«የግራ ጫማሽ ሶሉ ለቋል» አልሽኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ለቋል። ዓይነ ስውር መሆንሽን የተረዳሁት እጅሽን ለሰላምታ ወደ ቁም ሣጥኑ በኩል ስትዘረጊ ነው። እኔ ስደነግጥ አንቺ ሳቅሽ፤ «በዚህ በኩል ሰው የለም ማለት ነው? ይቅርታ ሣጥን» አልሽ። ከዚያ የት ቆሜ እንደሆነ በትንፋሼ ለይተሽ ዞርሽ።

«ምን ልትማሪ መጣሽ?»

«ኢንጂነሪንግ።»

«ለምን?»

ተናደድኩብሽ። «ኢንጂነሪንግ» በሕይወቴ ሙሉ ሰው ሁሉ «ጎሽ» እያለ ትከሻዬን የመታበት ቃል ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበር፤ ሜትር ከኪሱ አይጠፋም ነበር። ልጁ ኢንጂነር እንድትሆን የወሰነው እኔ ገና መደመር ሳልችል ነው። ለምን ብሎ የጠየቀኝም፣ ለምን ብዬ የጠየቅኩትም አልነበረም። ሜትሬን አውጥቼ ሻንጣዬ አልጋው ሥር ይገባ እንደሆነ መለካት ጀመርኩ። ሜትሩ ሲጠቀለል የሚያሰማውን «ክርርር» ሰምተሽ፣ «እንግዲህ ስምሽ ሜትር ነው» አልሽኝ። የአንቺን ስም ደግሞ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ግቢው ሁሉ «ለምን» ብሎ ይጠራሽ ጀመር።

ሦስተኛዋ እማማ ነበረች፤ ከእኛ አራት ዓመት ስለምትበልጥና እየዞረች ብርድ ልብስ ስለምታለብሰን እማማ ያልናት የነርሲንግ ተማሪ። እሷ ከሰሜን፣ አንቺ ከቆላው፣ እኔ ከከተማ። ሦስታችንም ሃይማኖታችን ለየቅል፣ አፋችንን የፈታንበት ቋንቋም ለየቅል። በእንቅልፍ ልባችን እንኳን በሦስት ቋንቋ ነበር የምንቃዠው። እማማ ጠዋት ጠዋት፣ «ሜትር ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ስትከራከሪ አደርሽ? ቃሉ ባይገባኝም ተሸንፈሻል» እያለች ታስቀን ነበር።

ታስታውሺ እንደሆነ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁሉም ተማሪ በግድ የሚወስዳቸው ኮርሶች ነበሩ፤ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክና ሎጂክ። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች «የእንቅልፍ ኮርስ» ነበር የምንላቸው። የሥነ ጽሑፍ መምህሩ አንድ አጭር ልብ ወለድ ሰጥቶን ነበር፤ ባሏ የሞተባት ሴት በየጠዋቱ ሁለት ሳህን ስለምታቀርብ። «ሴትዮዋ ለምን ሁለት ሳህን አቀረበች?» ለሚለው ጥያቄ እኔ «ረስታ ነው» ብዬ መለስኩ። አንድ ሙሉ ገጽ ተፈልጎ ሁለት ቃል። መምህሩ ከሥሩ በቀይ «አንቺስ ምን ረስተሽ ነው?» ብሎ ዲ ሰጠኝ። በሂሳብ መቶ ከመቶ የለመድኩ ልጅ ወረቀቱን ይዤ ክፍላችን ገብቼ አለቀስኩ።

«እስቲ ታሪኩን አንብቢልኝ» አልሽ።

አነበብኩት።

«ይሄማ የሞተር መጠገኛ መመሪያ ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ ባሏ ነው የሞተባት እንጂ ካርቡራተሯ አይደለም የተበላሸው። እንደገና፤ አሁን ቀስ ብለሽ።»

እንደገና አነበብኩት። ሁለተኛውን ሳህን የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጠላ ጫማዋን ከበሩ ላይ አላነሳውም፤ ሲጠርግ እንኳን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ጠርጎ ይመልሰዋል። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ግድየለሽነት ይመስለኝ ነበር። እዚያች አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ የማላውቀው ሰው በጻፈው የማላውቃት ሴት ሳህን ምክንያት፣ አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅኩት። የቀረውን አንብቤ ሳበቃ፣

«እንግዲህ እንስማማ» አልሽኝ። «አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ ደግሞ የምታነቢውን እንድትሰሚው አደርግሻለሁ።»

ሁለት ዓመት ተኩል በዚህ ውል ኖርን። ከላብራቶሪ ስወጣ አሥር ሰዓት ገደማ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ ትጠብቂኛለሽ። የሳሙናው ሽታ፣ ከተሰጣው አንሶላ ጠብ የሚለው ውሃ፣ የአንቺ አገጭ በምርኩዝሽ ላይ ተደግፎ። ያላነበብኩልሽ ነገር የለም። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ረሃብ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚከራከሩ ፈላስፎች፣ ግጥም፣ የጉዞ ማስታወሻ። አንዳንዴ በየመሃሉ ታስቆሚኛለሽ፤ «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ይህን የሚለው ማን እንዲሰማው ብሎ ነው? የተሸነፉትስ ምን ይላሉ?» እኔ ከዚያ በፊት መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ እንደ ስበት ሕግ የተረጋገጠ ይመስለኝ ነበር። የጻፈው ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው ደግሞ የሆነ ቦታ ቆሞ እንደሚያይ፣ ከቆመበት የማይታየው ነገር እንዳለ ያሳየሺኝ አንቺ ነሽ። ማየት የማትችይው።

ቋንቋሽንም እዚያው ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ስድቡን፣ ከዚያ ሰላምታውን፣ በመጨረሻ ግሡን። «ሄደ፣ ትሄዳለች፣ ሂያጅ» እያልሽ በምርኩዝሽ መሬቱን እየመታሽ ታስጠኚኝ ነበር። ስሳሳት በሳቅ ትፈነጂ ነበር፤ አንድ ቀን «እናትሽን ሰላም በያት» ማለት ፈልጌ «እናትሽን ጥበሻት» ብዬ ለሦስት ቀን መሳቂያ ሆኛለሁ።

ደግሞ የስሞቹ ሥራ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የቦታ ስሞችን ለመሰብሰብ ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበር ሐሳቡ የመጣልሽ። «ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?» አልሽኝ። «አገሩ ሁሉ ለምሳ አንድ ካፌ ውስጥ ይሰለፋል።» እውነትም ነበር። ትሪያችንን ይዘን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርን «የሰፈራችሁ ስም ምን ማለት ነው?» እንላለን፤ አንቺ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ። አብዛኛው አያውቀውም ነበር። ለሴት አያቱ ደውሎ በሳምንቱ እየሮጠ ይመጣል። «ሦስት ወንድማማቾች የተለያዩበት» የሚባል መንደር ነበረ። «ጅብ የዘፈነበት» ነበረ። የእማማ መንደር «ቆይ ልምጣ» ማለት ነበር፤ ማን ማንን እንደጠበቀና ይምጣ አይምጣ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ሴትዮ ራሷ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ፣ «የእኔንስ የማትጽፉት ወጥ ቤት ስለሆንኩ ነው?» ብላ ተቆጣችን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም፣ በአሥራ አንድ ቋንቋ፣ በእኔ ጽሕፈት። «ሜትር» ትዪኝ ነበር፣ «ሰው ለቦታ ስም የሚያወጣው ዝም ብሎ አይደለም። የሆነ ነገር ደርሶበት፣ ለሚመጣው ሰው ሊነግር ፈልጎ ነው። እኛ ነን የማንሰማው።»

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስኩ።

ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ነበር። አጀማመሩ ተራ ነገር ነው፤ አንዱ የአንዱን ፖስተር ቀደደ፣ ሌላው ገፈተረው፣ የተገፈተረው ጓደኞቹን ጠራ። በሳምንቱ ካፌው ተከፋፈለ። በመስኮቱ በኩል እነዚህ፣ በበሩ በኩል እነዚያ፣ መሃሉ ባዶ። የሰፈራቸውን ስም እየሳቁ ያስመዘገቡን ልጆች ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ «ወደ ወገኖቹ» ክፍል ይቀይር ጀመር። አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ ደብተሬ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ፤ «ከማን ጋር እንደምትኖሪ እናውቃለን፤ አንቺ ደግሞ ማን እንደሆንሽ እወቂ» ይላል። የጻፈው የእኔው ሰው ነው፤ ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። አብሮኝ ላብራቶሪ የሚሠራ ልጅ ነው። ለማንም አላሳየሁም። ለአንቺማ እንዴት ብዬ ነው የማነብልሽ?

አባቴ ጋ ደውዬ ክፍሌን ልቀይር ወይ አልኩት። ለዓመታት «አባቴ ነው ያስወጣኝ» እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። አባቴ ግን ውጪ አላለኝም። «ልጄ፣ እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ የሚሻለውን አንቺ ታውቂያለሽ» ነው ያለኝ። እኔ ነኝ ሻንጣዬን የዘጋሁት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነበር። እማማ ሆስፒታል ልምምድ ላይ ነበረች። ያንን ሰዓት የመረጥኩት እሷ ስለሌለች ነው፤ እሷ ብትኖር በሩን ተደግፋ ቆማ አታሳልፈኝም ነበር። አንቺ አልጋሽ ላይ ተቀምጠሽ ሬዲዮ ታዳምጪያለሽ። ሬዲዮውን ቀነስሽው።

«ወደ ሦስተኛው ሕንፃ ልዛወር ነው» አልኩሽ። «ለወርክሾፑ ይቀርበኛል።»

ወርክሾፑ የሚቀርበው ለእኛ ክፍል ነው። አንቺ ደግሞ ግቢውን አንድ በአንድ በእርምጃ ቆጥረሽ የምታውቂ ሰው ነሽ። ቆሜ ጠበቅኩ። ለሁሉ ነገር፣ ለፀሐዩ፣ ለዝናቡ፣ ለሻዩ መቅጠን ሁሉ «ለምን» የምትዪው ሴት፣ ያን ቀን ብቻ «ለምን» አላልሽኝም። ብትጠይቂኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር፣ እንዲያውም አልሄድም ነበር እያልኩ ስንት ዘመን ጥፋቴን በአንቺ ዝምታ ላይ ስጭን ኖርኩ! ያወቅሽውን ነገር ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ?

«ስትወጪ በሩን ገርበብ አድርጊው፤ ሙቀት ነው» ብቻ ነው ያልሽኝ። የስሞቹን ደብተር አልጋሽ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንቺ የማታውቂው። በዚያው ሴሚስተር መጨረሻ የጽሑፍሽን ረቂቅ ባቀረብሽበት ቀን እዚያ ነበርኩ። ግቡ ሲባል ልቤ አልችል ብሎ አልገባሁም፤ ውጪ፣ በተከፈተው መስኮት በኩል ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ቆምኩ። ጽሑፉ ገና ግማሽ ላይ እያለ አንባቢሽ ጥላሽ መሄዷን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። አንቺ ግን ያለ ወረቀት ወጥተሽ ቆምሽ። አርባ ደቂቃ ሙሉ። ስሞቹን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በራሱ ቋንቋ እየጠራሽ። «ጅብ የዘፈነበት» ስትዪ ከወዲያ ጥግ ከኮረፉት አንዱ ሳይወድ ሳቀ፤ ከወዲህ ጥግ ደግሞ የ«ሦስት ወንድማማቾች» ልጅ ተከትሎት ሳቀ። ለአፍታ ያህል ያ አዳራሽ ያለፈው ዓመት ካፌ ሆነ። ከዚያ የእኔን ሰፈር ስም ጠራሽና፣ «ይህንን የነገረችኝ ጓደኛዬ ናት» አልሽ።

«ነበረች» አላልሽም። «ናት» ነው ያልሽው። አጠገቤ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ፣ «ምነው ልጄ?» ስትለኝ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ሲነጋ እመጣለሁ፣ ለሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ፣ ከፈተና በኋላ እመጣለሁ ስል ክረምቱ ገባ። ስንመለስ የእናንተ ትምህርት ክፍል ወደ ሌላ ከተማ ግቢ ተዛውሯል። አልጋሽ ላይ የማላውቃት ልጅ ተኝታበታለች። እማማ ፊት ለፊት አግኝታኝ «እግዜር ይይልሽ» እንኳን አላለችኝም፤ «በልተሻል?» ብቻ ነው ያለችኝ። እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ።

ተመረቅኩ። አባቴ እንደተመኘው ኢንጂነር ሆንኩ፤ መንገድ ሳይሆን ውሃ። ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ሁሉ ሥራ አንዱን ልንገርሽ፤ ስለ አንቺ ስለሆነ።

በአንድ የቆላ ከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር እንድንሠራ ተላክን። ቦታው በወረቀት ላይ የተመረጠ ነው፤ ከከተማው በላይ ያለ ሰፊ ኮረብታ። ከፍታው የተስማማ፣ መንገዱ ቅርብ፣ ስድስት ጉድጓድ ተቆፍሮ የአፈር ምርመራው ንጹሕ የወጣለት። እኔ የሄድኩት ለመፈረም ነበር ማለት ይቻላል። ቆፋሪዎቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ አንዲት ባልቴት በጀሪካን ውሃ ይዘውላቸው መጡና ኮረብታውን በስሙ ጠሩት። ካርታው ላይ የተጻፈው ስም ፊደሉ የተዛባ፣ ምንም የማይባል ነበር። እሳቸው ሲጠሩት ግን ጆሮዬ ቆመ። የአንቺ ቋንቋ ነበር። የአግዳሚው ላይ ግሥ።

«ሂያጁ» ማለት ነው።

ዞር ብዬ በቋንቋቸው፣ «እናቴ፣ ማን ስለሄደ ነው?» አልኳቸው።

ጀሪካኑን አስቀምጠው አዩኝ። «ይህን አፍ ከማን ተማርሽው?»

«ከጓደኛዬ።»

«አፉ እንኳን የእኛው ነው። የሄደውማ እሱ ራሱ ነው ልጄ» አሉኝ በአገጫቸው ወደ መሬቱ እያሳዩ። «የአያቴ እናት ሙሽራ ሳለች። ሦስት ቀን ዘንቦ በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ሄደ። ከቤቶቹ ጋር ሄደ። ይሄ የምታዪው ከሄደው የተረፈው ነው።»

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቆጣ ያለ ሰው ነበር። «ኢንጂነር፣ ስድስት ጉድጓድ ቆፍሬ ውጤት ይዣለሁ። በባልቴት ወሬ ሥራ ላቁም?»

«ሰባተኛ እንቆፍር፤ ከሌሎቹ ጠለቅ ያለ።»

«ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ስላወቅን ብለህ ጻፍ።»

ሳቀብኝ። ግን ቆፈርን። ስድስቱ ጉድጓዶች አሥራ አምስት ሜትር ላይ ነበር የቆሙት። ሰባተኛው ሃያ ሁለት ሜትር ላይ ሲደርስ የእጅ መዳፍ የምታህል፣ እርጥብ፣ እንደ ሳሙና የምታንሸራትት የሸክላ አፈር ንብርብር አወጣ፤ ኮረብታው ዝናብ ሲጠግብ የሚንሸራተተው በእሷ ላይ ነው። ናሙናውን በእጄ ይዤ ቆሜ ኃላፊው ሲመለከተኝ ማንም አልሳቀም። ታንከሩ ማዶ ወዳለው ሸንተረር ተዛወረ። በአራተኛው ዓመት ክረምት የኮረብታው ፊት ተነሥቶ ሄደ፤ አጥርና ማሳ ይዞ። ከሥሩ ስልሳ ሦስት ቤትና አንድ ትምህርት ቤት አለ። ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን አስቢው። ፎቶው ሲላክልኝ ቢሮ ተቀምጬ ምሳ እየበላሁ ነበር፤ ባልደረቦቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። ሰው ስላልሞተ ነው እኮ የማለቅሰው!

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ኮረብታው ባይሄድም፣ ቋንቋሽ ለምንም ሥራ ባይጠቅመኝም፣ እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች አይቀንሱም ነበር። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እያነበብኩለት ነው ያሳለፍኩት። ማንበብ የሚወድ ሰው አልነበረም። «ቀስ ብለሽ» ይለኝ ነበር፣ እንደ አንቺ። የሴትዮዋንና የሁለቱን ሳህን ታሪክ ሳነብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ «ይሄ ሰውዬ እናትሽን ያውቃት ነበር እንዴ?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላወራነውን ያን ቀን አወራነው። ይህንን የትኛው ወርክሾፕ ያስተምረኝ ነበር?

ባለፈው ወር ኮሌጃችን ጠራኝ፤ የቀድሞ ተማሪ ብሎ፣ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ላይ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። አጀንዳው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ተማሪው ቶሎ ተመርቆ ሥራ እንዲይዝ እነዚያን የጋራ ኮርሶች ከኢንጂነሪንግ ማውጣት። ሁለተኛው፣ «ለሰላም ሲባል» ዶርም በየመጡበት አካባቢ መመደብ። ዲኑ ወጣት ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። «ወላጆች እኮ ናቸው የሚጠይቁን» አለ። «ልጄን ድልድይ እንዲሠራ ነው የላክሁት፣ ግጥም ምን ያደርግለታል ይላሉ። ስለ ዶርሙም፣ ልጄን ከማላውቀው ሰው ጋር አታስተኙብኝ ይላሉ። እኔ ምን ልበላቸው?»

ተነሥቼ የኮረብታውን ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል። መቀመጥ እችል ነበር። አልተቀመጥኩም። «ያንን ቋንቋ ያስተማረችኝን ጓደኛዬን ትቼ ከክፍላችን የወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማንም አላስወጣኝም። ፈርቼ ነው። ለወርክሾፑ ይቀርበኛል ብዬ ዋሽቼ ነው። እናንተ ዛሬ የምትወስኑት ያንን ፍርሃት ደንብ አድርጋችሁ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በቁልፍ ቀለበት ላይ አንጠልጥላችሁ ለመስጠት ነው። እኔ ቢያንስ የምተወው ሰው ነበረኝ። እነሱ የሚተዉት ሰው እንኳን አያገኙም።» አንዱ ሽማግሌ ፕሮፌሰር መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው።

ሙሉ በሙሉ አሸነፍን አልልሽም። የዶርሙ ሐሳብ ዘጠኝ ለአምስት ወደቀ። ሥነ ጽሑፍና ሎጂክ ቀሩ፤ ታሪክ ግን ወደ ግማሽ ሴሚስተር ተቀነሰ። ስለ እሱ ገና እንጣላለን።

ስወጣ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ የነበረችው ሴትዮ ኮሪደሩ ላይ ተከተለችኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ሴትዮ ናት፤ ያቺ «አግዳሚው ላይ መጽሐፌን ውሃ ነክቶት ብታመጡ» እያለች የምታስፈራራን። ፀጉሯ ሸብቷል።

«የነገርሻቸው ልጅ ‹ለምን› ናት አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩላት። መምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ እንደምታስተምሪ፣ በየሴሚስተሩ በብሬል የተጻፉ መጻሕፍት እየጠየቅሽ እንደምትጽፊላት፣ አድራሻሽንና ስልክ ቁጥርሽን ሁሉ ነገረችኝ።

«ስለ እኔ ጠይቃሽ ታውቃለች?» አልኳት።

«አንድ ጊዜ። ‹ደህና ናት?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አላውቅም አልኳት። አላውቅም ነበራ።»

ደህና ነኝ። ዘግይቼም ቢሆን መልሱ ይኸው። ሥራ አለኝ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ጉልበቴን ዳገት ላይ ያመኛል። ግን ብዙ ሰው መሃል ተቀምጬ አንድ ነገር ሲገርመኝ አጠገቤ የምነግረው ሰው ፈልጌ እዞራለሁ፤ የምዞርለት ሰው አንቺ ነሽ። ናፍቀሽኛል። በየትኛውም ቋንቋ ከዚህ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። የዚያን ሐሙስ ነገር ይቅር በይኝ ለማለት ብዙ አስቤያለሁ፤ ይቅር ማለት ያንቺ ፈንታ ስለሆነ እሱን አልነካውም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ብቻ ከእኔው አፍ እንድትሰሚ ፈለግኩ።

በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ለሥራ ወደ ከተማችሁ እመጣለሁ። ይኸው ደግሞ ዋሸሁ። ለሥራ አይደለም፤ ፈቃድ ወስጄ ለአንቺ ነው የምመጣው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በርሽን አንኳኳለሁ። ዝም ብዬ አልቆምም፤ ስሜን ከነአባቴ እናገራለሁ። ልታገኚኝ ካልፈለግሽ «የለችም» በይኝ። ራስሽ በገዛ ድምፅሽ ብትዪውም አምኜ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እመጣለሁ።

የድሮ አንባቢሽ